ወረቀት ይቃጠላል፣ ጣትስ?

ለመከላከያ ሚኒስቴር፣
ለብሔራዊ መታወቂያ ፕሮግራም፣
ነገሩ ያገባኛል ለሚል ሁሉ

ጉዳዩ፦ የወታደር አሻራ የት እንደሚቀመጥ እንድትነግሩን ስለመጠየቅ

ጤና ይስጥልኝ። ደሴ ሸዋ በር አካባቢ አንዲት ጠባብ ፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሪንተር፣ አንድ የላሚኔሽን ማሽን፣ መብራት በሄደ ቁጥር የምትጮኽ አሮጌ ዩፒኤስ። ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ፎርም እሞላለሁ፣ አሁን አሁን ደግሞ የፋይዳ ካርድ ማተም ዋናው እንጀራዬ ሆኗል። ደንበኛው ፋይሉን በቴሌግራም ይልክልኛል፣ አወርዳለሁ፣ አትማለሁ፣ ፕላስቲክ አለብሳለሁ፣ ከፍሎኝ ይሄዳል።

ባለፈው ሰሞን ኮምፒውተሩ ሲንቀራፈፍብኝ የዳውንሎድ ፎልደሩን ከፈትኩት። ደነገጥኩ። የስንት ሰው ፊት፣ ስምና የትውልድ ቀን እዚያ ተከማችቷል! አንዳንዶቹን በደንብ አውቃቸዋለሁ፤ ፈቃድ ወጥተው፣ ካርድ አሳትመው ወደ ጦር ክፍላቸው የተመለሱ የሰፈራችን ልጆች ናቸው። የሱቄ በር የሚዘጋው በአንድ ቁልፍ ነው። ኮምፒውተሩ የይለፍ ቃል አለው፣ የይለፍ ቃሉ ግን በስክሪፕቶ ተጽፎ ኪቦርዱ ላይ ተለጥፏል (አትሳቁ፣ ረዳቴ ይረሳዋል)። ሁሉንም ሰረዝኩ፣ ቅርጫቱንም ባዶ አደረግኩ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ በማንም አላላክክም። ያን ሌሊት ስገላበጥ ግን አንድ ነገር መጣብኝ። እኔ ጋ የነበረው ስምና ፎቶ ብቻ ነው። አሻራውና የዓይኑ ምስል ቢሆን ኖሮስ?

በዚያው ሰሞን እህቴ መጣች። ልጇ ውትድርና ሊገባ ነው። ቡናው ቶናው ላይ ሲደርስ «አንተ የኮምፒውተር ሰው ነህ፤ አሁን ወታደሩንም በአሻራ ነው የሚይዙት ይባላል፣ ደግ ነው ክፉ?» አለችኝ። በረካው ተጠጥቶም መልሴን አልጨረስኩም። የቀረውን ለእናንተ ልጻፈው ብዬ ነው።

መጀመሪያ ደግነቱን ልናገር። ደሴ ገበያ መሀል ቆማችሁ «ሰይድ!» ብላችሁ ብትጣሩ ግማሹ ገበያተኛ ይዞራል። «ሰይድ መሐመድ!» ብትሉም ብዙ አይቀንስም። መሐመድ ራሱ በአንዱ መዝገብ በሐመሩ ሐ፣ በሌላው በሃሌታው ሀ፣ በሦስተኛው ደግሞ «ሙሐመድ» ተብሎ ይገኛል፤ የጸሐፊው እጅ እንደመራው ነው። የሰፈራችን አንዱ ሰይድ ወታደር ነበር። አንድ ቀን መርዶው መጣ። ድንኳን ተተከለ፣ እናቱ መሬት ላይ ተቀመጠች፣ እስላሙም ክርስቲያኑም እንደ ወሎ ወጉ አብሮ አለቀሰ። በአራተኛው ቀን የእህቱ ስልክ ጠራ። «ምነው፣ ድምፅሽ ምን ሆኗል?» አላት ደዋዩ። ሰይድ ነው።

ያን ዕለት ድንኳኑ ውስጥ የነበረውን ጩኸት አልገልጸውም። ስሙ ከሌላ ወታደር ስም ጋር ተመሳስሎ ነው፣ አለቀ። ሁላችንም እየሳቅን እያለቀስን ሳለ አንድ ሽማግሌ ብቻ ዝም አሉ። ቆይተው «መርዶው እኮ የሰው ነው። ተሳስቶ እዚህ ገባ እንጂ አልቀረም። አንዲት እናት የሆነ ቦታ ልጇን እየጠበቀች ነው» አሉ። እስከ ዛሬ ያቺን ሴት የማላውቃት መሆኔ ይከነክነኛል።

ስም እንዲህ ያሳስታል። ጣት እንደ ስም አያሳስትም። ማሽኑ የጣት መስመሮች የሚያልቁበትንና ለሁለት የሚሰነጠቁበትን ነጥብ ይለቅምና አቀማመጣቸውን ወደ ቁጥር ለውጦ ይይዛል። ካንድ እንቁላል የተገኙ መንታዎች እንኳ አሻራቸው ይለያያል። የወደቀን ወታደር ለመለየት ግን አሻራ ብቻውን አይበቃም፤ በቆላ ሙቀት አስከሬን ቶሎ ይለወጣል፣ ጣቱም አይነበብም። አሜሪካኖቹ ይህን ስለሚያውቁ ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ አንስቶ የወታደሮቻቸውን ደም ካርድ ላይ አድርቀው ያስቀምጣሉ። በ1998 እ.ኤ.አ. ደግሞ ቬትናም ላይ ወድቆ «ያልታወቀ ወታደር» ተብሎ በክብር ተቀብሮ የኖረ አንድ አብራሪ በዘረ መል ምርመራ ስሙ ተገኘለት፤ ከሞተ ከ26 ዓመት በኋላ ለቤተሰቡ ተሰጠ። ለእናት 26 ዓመትም ቢሆን ከዘላለም ይሻላል።

የደመወዙም ነገር አለ። የኢራቅ ጠቅላይ ሚኒስትር ሃይደር አል አባዲ በ2014 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጦራቸውን ሲያስቆጥሩ 50,000 ወታደር በወረቀት ላይ ብቻ እንዳለ ተገኘ። ደመወዛቸው ይወጣል፣ ሰዎቹ የሉም። ሶማሊያም ወታደሮቿን በአሻራ መዝግባ ደመወዙን በአለቃ እጅ መሆኑ ቀርቶ በቀጥታ በየባንክ ሒሳባቸው ማስገባት የጀመረችው በዚሁ ችግር ነው። ስለዚህ «አሻራ ምን ያደርጋል» ከሚሉት ወገን አይደለሁም። ያደርጋል።

አሁን ወደ ክፉው ልምጣ።

ደሴና ኮምቦልቻ በጥቅምት 2014 ዓ.ም. መገባደጃ በሕወሓት ኃይሎች ተይዘው እስከ ኅዳር መጨረሻ ቆይተዋል። ታውቁታላችሁ፣ አዲስ ነገር አልነገርኳችሁም። ምናልባት የማታውቁት የጎረቤቴን የእትዬን ነገር ነው። እትዬ አንድ የመንግሥት ቢሮ ውስጥ መዝገብ ያዥ ነበሩ። ቢሮውን አልጠራውም። ከተማው ሊያዝ ነው የተባለ ማታ ሰው ሁሉ ፍራሽና ልጅ ተሸክሞ ወደ ኮምቦልቻ መንገድ ሲወርድ፣ እሳቸው ቢሮ ገብተው የሚሊሻውንና የዘማች ቤተሰቡን መዝገብ በነጠላ ጠቅልለው ወደ ቤት አመጡት። ወፍራም፣ ጀርባው አረንጓዴ ጨርቅ የሆነ፣ የምታውቁት ዓይነት መዝገብ። ስም፣ የአባት ስም፣ ቀበሌ፣ የጦር መሣሪያ ቁጥር፣ የሚስት ስም፣ የልጆች ብዛት።

ቢቀብሩት ግቢው ጠባብ ነው፣ አዲስ የተቆፈረ አፈር ያስታውቃል። ስለዚህ ምጣድ ጣዱ። ሊጡ ገና በደንብ አልቦካም ነበር። ቅጠል ቅጠሉን እየቀደዱ ምጣዱ ሥር እየከተቱ ሌሊቱን ሙሉ ጋገሩ። ሲነጋ መሶቡ ሙሉ እንጀራ ነበረ፣ መዝገቡ የለም። «የዚያን ቀን እንጀራ ቀለም ቀለም ይል ነበር» ይላሉ አሁን ሲያወሩት፣ እየሳቁ። ያን ወር ስንት ቤት ሳይንኳኳ እንደቀረ እሳቸውም አያውቁም፣ እኔም አላውቅም።

ጥያቄዬ እንግዲህ ይኸው ነው። ያ መዝገብ ወረቀት ባይሆን ኖሮ እትዬ ምን ያደርጉ ነበር? ማሽኑ በነጠላ ይጠቀለላል እንበል። ቅጂው ሌላ ቦታ አለ። ቅጂው ባይኖርም ጣቱ ራሱ አለ። ስሙን የሚቀይር ሰው አለ፣ ሰፈር የሚቀይር አለ፣ ጺሙን የሚላጭም አለ። ጣቱን ግን ወዴት ይወስደዋል?

ይህን ፍራት ከራሴ አልፈጠርኩትም። ካቡል በታሊባን እጅ የገባችው ነሐሴ 9 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው፣ ደሴ ከመያዟ ሁለት ወር ተኩል ቀደም ብሎ። የአፍጋኒስታን ጦርና ፖሊስ ደመወዝ የሚከፈለው በ2016 እ.ኤ.አ. በተጀመረና አሜሪካኖች ገንዘብ ባወጡበት የመረጃ ቋት ነበር። ዓላማው ቅን ነው፣ ያው በወረቀት ላይ ብቻ ያለውን ወታደር ማጥፋት። ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ የወታደርና የፖሊስ መዝገብ ያዘ። ለአንድ ሰው ቢያንስ 40 ያህል ነገር ይሞላል፤ የአባት ስም፣ የአያት ስም፣ እኛ ዋስ እንደምንለው ለቅጥሩ ዋስ የሆኑ ሁለት የጎሳ ሽማግሌዎች ስም፣ ሌላው ቀርቶ የሚወደው ፍራፍሬና አትክልት። ፍራፍሬው ለምን እንዳስፈለገ እግዜር ይወቀው። መንግሥቱ በጥቂት ቀን ሲፈርስ ያን ሁሉ ማን ያጥፋው? ወታደሩ ብቻ መሰላችሁ የተጋለጠው፤ ዋስ የሆኑት ሽማግሌም ጭምር ናቸው።

ከዚያ ደግሞ በእጅ የሚያዙት ማሽኖች አሉ፣ አሻራ፣ ዓይንና ፊት በአንድ ላይ የሚያነሱት። በታሊባን እጅ መግባታቸውን የቀድሞ የአሜሪካ ጦር አባላት ያኔውኑ ለጋዜጠኞች ተናግረዋል። ከሁሉ የገረመኝ ግን የጀርመኖቹ ነው። በ2022 እ.ኤ.አ. የኬዎስ ኮምፒውተር ክለብ ተመራማሪዎች እንዲህ ያሉ ያገለገሉ ማሽኖችን ኢቤይ ከሚባለው የኢንተርኔት ገበያ ገዙ። አንዱን በ68 ዶላር። ሲከፍቱት የ2,632 ሰው ስም፣ ፎቶ፣ አሻራና የዓይን ምስል ውስጡ ተቀምጧል፣ አብዛኞቹ የአፍጋኒስታንና የኢራቅ ሰዎች። መረጃው በምስጢር አልተቆለፈም ነበር። እኛ አገር ያገለገለ ስልክ ስንገዛ የቀድሞው ባለቤት የሠርግ ፎቶ ውስጡ እንደምናገኘው ማለት ነው። ሠርግ ሲሆን ያስቃል።

«እነሱ ተዝረክርከው ነው፣ እኛ እንጠነቀቃለን» ልትሉ ትችላላችሁ። አሜሪካኖቹ የገዛ ራሳቸውን ሠራተኞችም መጠበቅ አልቻሉም። በ2015 እ.ኤ.አ. የፌዴራል ሠራተኞቻቸውን መዝገብ ከያዘው መሥሪያ ቤት የ21.5 ሚሊዮን ሰው መረጃ መሰረቁ ታወቀ፣ ከዚያ ውስጥ የ5.6 ሚሊዮኑ አሻራ ነበረበት። ምስጢር የሚይዙ ሰዎች ናቸው ብዙዎቹ። የተሰረቀ የይለፍ ቃል ይቀየራል። ለ5.6 ሚሊዮን ሰው ግን አዲስ ጣት የሚያድል የለም።

ታዲያ ምን ይሁን ትላለህ? እኔ ባለ ፎቶ ኮፒ ነኝ፣ ጄኔራል አይደለሁም። ግን ያነበብኩትን ያህል ልበል። ማሽን ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎችን ይጠይቃል። አንደኛው «አንተ ሰይድ ነኝ ብለሃል፤ እውነት ሰይድ ነህ?» ነው። ሁለተኛው «ይህ ሰው ማን ነው?» ነው። ይመሳሰላሉ፣ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። ለመጀመሪያው ትልቅ ቋት አያስፈልግም። የወታደሩ አሻራ እሱ በያዘው ካርድ ቺፕ ውስጥ ብቻ ይቀመጣል፣ በር ላይ ጣቱን ሲያስቀምጥ ካርዱ ራሱ «ነው» ወይም «አይደለም» ይላል። አሻራው ከካርዱ አይወጣም። ካርዱ ቢማረክ የተማረከው የአንድ ሰው ነው። ለካምፕ በር፣ ለመሣሪያ ግምጃ ቤት፣ ለደመወዝ መቀበያ ይህ ይበቃል ባይ ነኝ።

ሁለተኛው ጥያቄ ነው ጣጣው። ያለ እሱ የሰይድን መርዶ ማስተካከል አይቻልም። አንድ ሰው በሁለት ስም ደመወዝ እንዳይበላም የሁሉም አሻራ ከሁሉም ጋር መነጻጸር አለበት። እሱንማ አልክድም። ግን ያ ቋት በየዞኑ በየወረዳው የሚከፈት መሆን የለበትም። አንድ ቦታ ይቀመጥ፣ ከኢንተርኔት የተለየ ይሁን፣ ለሁለት ነገር ብቻ ይከፈት፤ ለምዝገባና ለሞተ ሰው። አጎት፣ ዋስ፣ ሚስት፣ ሰፈር ውስጡ አይግባ፣ ቁጥር ብቻ ይኑር፣ ቁጥሩን ከስም ጋር የሚያገናኘው ሌላ ቦታ በሌላ ሰው ቁልፍ ይያዝ። በእጅ የሚያዘው ማሽን ደግሞ ያነሳውን ልኮ ይርሳ። ማታ ቢማረክ ባዶ ዕቃ ይሁን። ይህ ውድ ነው፣ አስቸጋሪ ነው፣ ኔትወርክ በሌለበት አይሠራም ትሉኝ ይሆናል። እሺ፣ እሱን ተከራከሩበት፣ ግን በይፋ ይሁን።

ፋይዳስ? ፋይዳ የአሥር ጣት አሻራ፣ የሁለት ዓይን አይሪስና ፊት ይወስዳል፣ በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የቆመ ነው። እኔም አለኝ፣ ባንክ ስሄድ ጠቅሞኛል። የምፈራው ሁለቱ መዝገቦች የተጋቡ ቀን ነው። አንድ ወታደር ጡረታ ወጥቶ ሐይቅ ዳር ሱቅ ቢከፍት፣ ባንክ ውስጥ ጣቱን ባስቀመጠ ቁጥር ዱሮ ወታደር እንደነበር የሚያውቅ ክር መኖር አለበት? ሲሰናበትስ የሚሰረዝለት ነገር አለ? የአፍጋኒስታኑ ቋት መሰረዣ ደንብ አልነበረውም። የኛ ይኑረው።

ፊት የሚለይ ካሜራ በየኬላው ይተከል የሚል ሐሳብ ካለ ደግሞ ቆም በሉ። የአሜሪካ የደረጃዎችና ቴክኖሎጂ ተቋም በ2019 እ.ኤ.አ. በርካታ እንዲህ ያሉ ፕሮግራሞችን ፈትሾ ብዙዎቹ የምሥራቅ አፍሪካን ሰው ከሌላ ሰው ጋር በብዛት እንደሚያምታቱ አግኝቷል። የምሥራቅ አፍሪካ ሰው እኛ ነን። በስም ከመመሳሰል ወጥተን በፊት መመሳሰል ልንገባ ነው ማለት ነው። ሰይድ በስሙ ሳቢያ በሕይወት ሳለ ተለቀሰለት። በፊቱ ሳቢያ ደግሞ መርሳ ኬላ ላይ ከመኪና ቢወርድ ማን ይመልሰዋል?

የቆሰሉትንም አትርሱ። ሱቄ የሚመጣ አንድ የጦር ጉዳተኛ አለ፣ ቀኝ እጁ ከክርኑ የለም፣ ግራው ሁለት ጣት ቀርቶታል። ፎርም ላይ «የቀኝ አውራ ጣት አሻራ» የሚል ሳጥን ባየ ቁጥር «ይኸን ለማን አበደርኩት መሰለህ» እያለ ይቀልዳል። ፋይዳ የተሠራበት ሞሲፕ የተባለው ሥርዓት ጣት ለሌለው ሰው ሌላ መንገድ አለው። የጦሩ አሠራርም ይኑረው። አለበለዚያ ጣቱን ለአገር የሰጠው ሰው ጣት የለህም ተብሎ ከወረፋ ይወጣል። ገበሬውም እንደዚያው ነው። የአባቴን ጣት ማሽን እንዲያነበው ለማድረግ ምዝገባ ላይ ሦስቴ በውኃ ታጥቦ፣ በሶፍት ተጠርጎ፣ ቫዝሊን ተቀብቶ ነው። ማረሻ የላገውን መስመር ማሽን ከየት ያምጣ።

ሕግ አለ ትሉኛላችሁ። አዎ፣ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፣ ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ግን የዚህ ባለሥልጣን ሰው የካምፕ በር አንኳኩቶ «ቋቱን አሳዩኝ» ቢል ይከፈትለታል? ብዙ አገር እንዲህ ያለ ሕግ ሲያወጣ «የአገር ደኅንነት» የሚል በር ክፍት ይተዋል፣ ሁሉም ነገር በዚያ በር ያልፋል። የማይከፈትለት ከሆነ ማን እንደሚያይ ንገሩን። ፓርላማው ቢሆን፣ ቃለ መሐላ የገቡ ዳኛ ቢሆኑ፣ አንድ ሰው ይየው።

ፈቃድ የሚባለውንም ነገር እንተወው ባይ ነኝ። ወታደር «ፈቃደኛ ነህ?» ሲባል «አዎ ጌታዬ» እንጂ ሌላ መልስ የለውም። የተሻለው የሚፈርመው ወረቀት ምን እንደሚል በሚገባው ቋንቋ ማንበቡ ነው፣ በአማርኛም በኦሮምኛም በአፋርኛም። ከደሴ በሐይቅ አድርጋችሁ ወደ መርሳ ስትሄዱ ውጫሌን ታልፋላችሁ። በ1881 ዓ.ም. በአማርኛው አንድ፣ በጣሊያንኛው ሌላ የሚል አንቀጽ 17 የተፈረመበት ውል ስሙን የወሰደው ከዚያች ከተማ ነው። እኛ የዚያ መንገድ ሰዎች ነን፣ ከፊርማ በፊት ሁለቱንም ገጽ አሳዩን ብንል አትቀየሙን።

እነዚህን ጥያቄዎች ሰላይ እንዳይሰማ ብላችሁ የምታልፏቸው አይመስለኝም። ሰርቨሩ የትኛው ሕንፃ ውስጥ ነው አላልኩም። ምን ይሰበሰባል፣ ስንት ዓመት ይቆያል፣ ማን ይሰርዘዋል፣ ከተማ ቢያዝ የወረዳው ማሽን ምን ይሆናል ነው ያልኩት። የመጨረሻውን በተለይ። ለእሳትና ለጎርፍ መመሪያ አለን፣ ለዚህም ይኑረን። ባለፈው ጊዜ መመሪያችን የእትዬ ምጣድ ነበር።

የእህቴ ልጅ በሚቀጥለው ሳምንት ይሄዳል። ቁርጡ ታውቋል፣ እኔም አልከለከልኩትም። ፎርሙን የሞላሁለት እኔ ነኝ። «በአደጋ ጊዜ ተጠሪ» የሚለው ቦታ ላይ ሲደርስ የናቱን ስም ሊያጽፈኝ ነበር፣ እንቢ ብዬ የራሴን ጻፍኩ። አንድ ኮፒ አትሜ ሰጠሁት፣ ፋይሉን እሱ እያየ ሰረዝኩት። የይለፍ ቃሉንም ከኪቦርዱ ላይ ላጥኩት፣ ረዳቴ እስካሁን ሁለት ጊዜ ደውሎ ጠይቆኛል።

ከአክብሮት ጋር
የሸዋ በሩ ባለ ፎቶ ኮፒ፣ ደሴ